መጋላ ቀጥ ያለችበት ከሰዓት

መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቄ ከሃሊሞ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግ እሸጣለሁ፤ እሷ ሽርጥና የሴት ቀሚስ። ሰፈሩ ሁሉ «ሆዮ» ነው የሚላት፣ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። የወለደችው አንድ ልጅ ግን ከተወሰደባት ብዙ ዘመን ሆነ።

ጦልሃ የጠፋው የዒድ ዋዜማ ነው፤ እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ገና አራት ዓመቱ ነበር። ሃሊሞ ለደንበኛ ጨርቅ ለክታ ቀና ስትል ልጁ የለም። እዚያው ጥግ ሙሸበክ የሚጠብስ ሰውዬ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያደረገች ሴት ጣፋጩን ገዝታ ለልጁ ሰጥታ፣ እጁን ይዛ ስትሄድ አይቷል። «እናቱ መስላኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። ፖሊስ ፈለገ፣ ራዲዮ ተናገረ፣ የሰፈሩ ወንዶች ገጠሩን እስከ ቢዮ አዋሌ አሰሱ። ባሏ ዐብዱልዓዚዝ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር እስኪሞት ድረስ በየኬላው የልጁን ፎቶ ሲያሳይ ኖረ። ምንም አልተገኘም። እስከ ዛሬ አንድ የተያዘ ሰው የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያብዳል ወይ አገር ይለቃል። ሃሊሞ ግን አንድ ነገር ይዛ ቀረች። «ያ ሰውዬ ጦልሃን ‹እናትህ ማናት?› ብሎት ቢሆን ይነግረው ነበር» ትላለች። ስለዚህ የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ፣ ገና አፉን ሲፈታ፣ የእናቱን ስም ታስጠናዋለች። አዲስ የባጃጅ ሹፌር ተራው ላይ ካየች ሻይ ትጋብዘውና ትይዘዋለች፦

«የተኛ ወይ የሚያለቅስ ልጅ የያዘ ሰው ከተሳፈረ፣ መጀመሪያ ልጁን ጠይቀው። እናትህ ማናት በለው። በአማርኛ ዝም ካለህ በኦሮምኛ፣ እምቢ ካለ በሶማሊኛ።»

ኩሊዎቹን፣ ጫት ሻጮቹን፣ የመስጊዱን ሙአዚን ሼህ ፋራህን ሳይቀር እንዲህ ይዛቸዋለች። ልጅ ጠፋ ከተባለ ማን የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋ ተነጋግረው ጨርሰዋል። «አቦ ሆዮ፣ ስንቴ ትነግሪናለሽ!» ይሏታል። እሷ ትደግመዋለች።

አምና፣ የዐረፋ በዓል ሳምንት ሲቀረው፣ ገበያው ሰው በሰው ሆኗል። ልጄ አያን ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝታለች። ለአንዲት ደንበኛ ከላይ የተሰቀለ ሳፋ ላወርድ ወንበር ላይ ወጣሁ። ስወርድ ካርቶኑ ባዶ ነው።

ወደ ደጅ ሮጬ ወጣሁ። ሃሊሞ በሯ ላይ ቆማ ፊቴን አየች። ምን ሆንሽ አላለችኝም።

«ምን ለብሳለች?»

«ቢጫ ቀሚስ።»

«ጫማ?»

«ባዶ እግሯን ናት።»

ስልኳን አውጥታ የባጃጅ ተራ አስከባሪው ዒሴ ጋ ደወለች። «ዒሴ፣ ዝጉ። የሂንዳ ልጅ ናት፣ አያን። ቢጫ ቀሚስ።» ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ወላሂ እስክሞት አልረሳውም። መጀመሪያ ባጃጆቹ በየመንገዱ አፍ አግድም ቆሙ። ኩሊዎቹ ሸክማቸውን መሬት አወረዱ። የሱቅ በሮች ከጨርቅ ተራው ጀምረው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ወረዱ፣ ባለቤቶቹም በየደጃፋቸው ቆሙ። ጥሩንባው፣ የገበያው ጫጫታ፣ ክርክሩ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ተቆረጠ። መጋላ ተወልጄ ያደግኩባት ናት፤ ጸጥ ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሱቄ ቬንትሌተር ሲዞር ይሰማኛል።

ከመስጊዱ የሼህ ፋራህ ድምፅ መጣ። «አያን የምትባል፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ሕፃን ጠፍታለች። ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ። አጠገባችሁ ያለውን ልጅ ጠይቁ።»

ሰውም ጠየቀ። ከየመንገዱ፣ ከየደጃፉ፣ በሦስት ቋንቋ «እናትህ ማናት? እናትሽ ማናት?» ሲባል ሰማሁ። ልጆቹም መለሱ። «ፋዱማ!» አለ አንዱ ከጨርቅ ተራ። «ሑዳ!» «ዩሩብ!» በቀጭን ድምፃቸው፣ ከቅርብም ከሩቅም፣ የመጋላ ልጆች ሁሉ የእናቶቻቸውን ስም ይጠሩ ጀመር። ፍርሃቴን እንኳ ለአፍታ ረሳሁት፤ አላህ ፊት የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ሃሊሞ እጄን ጨብጣ ጆሮዋን አቅንታለች።

ከዚያ ወደ ደቻቱ ወንዝ መውረጃ በኩል የወንዶች ጩኸት ተነሳ፤ ከሰፈር ሰፈር እየተቀባበሉት ወደ እኛ መጣ። «ሂንዳ አለች! ልጅቷ ሂንዳ አለች!»

ዐብዲገኒ የሚባል ሹፌር ነው ያገኛት፤ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ገና ወሩ ነው። አንዲት ሴት የተኛች ልጅ በሻርፕ ጠቅልላ ተሳፈረች። «ልጄ ናት፣ አሟት ነው፣ ቶሎ በል» አለችው። እሱ ሞተሩን አጠፋ። ሻርፑን ገለጥ አድርጎ ልጅቷን ቀሰቀሳት፤ በአማርኛ ጠየቃት፣ ዝም። በሶማሊኛ ጠየቃት፣ «ሂንዳ» አለችው። ዞር ብሎ ሴትየዋን «ያንቺስ ስም?» ቢላት ዘላ ወርዳ ሮጠች። ግን የት ትገባለች? የሮጠችበት መንገድ ሁሉ ሰው ቆሞበታል።

ሴትየዋ ፍርድ ቤት ቀርባ ታሰረች። በስልክ የሚያዛት ሰው እንዳለ ተናገረች፤ ቁጥሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልሠራም። የላካት ማን እንደሆነ አልታወቀም። በተያዘችበት ዕለት ሃሊሞ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ሄዳ አይታት ነበር። «ጦልሃ ሲጠፋ ይቺ ራሷ ሕፃን ነበረች» ብላ ወጣች።

አመሻሹ ላይ አያንን ይዤ ቤቷ ሄድኩና እግሯ ላይ ወደቅኩ። ተቆጥታ አነሳችኝ። ልጄን እቅፏ ውስጥ አስቀመጥኩላት። ያን ሁሉ ልጅ ስታስተምር አይቻታለሁ፤ አንዱን ስታቅፍ ግን አይቻት አላውቅም። አያን ፊቷን በእጇ እየዳሰሰች ጥቂት ተጫወተችና አንቀላፋች።

«ሆዮ፣ ጦልሃን አሁንም ትጠብቂዋለሽ?» አልኳት።

«አሁን ጢም ያለው ሰውዬ ነው» አለች። «በደጄ ቢያልፍ አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። እሱን ለአላህ ሰጥቻለሁ። መንገዱን ግን ለሌባ አልሰጥም።»

ልጄን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ሃሊሞ ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ትቆይ» አለችኝ።

ምንጣፉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።