ሐሙስ ሐሙስ የምትጠገነው ፍላጻ

ማንያህልሻልን የበደላት ሰው ጓንጉል እሸቴ ይባላል። ሌላ ጓንጉል አይደለም፤ ራሱ እንጨት ጠራቢው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው። እሱ የወረወራት ፍላጻ ከተወረወረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት፤ እስካሁን አልወረደችም።

ፍላጻዋ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሸማኔ ሰፈር አናት ታልፋለች። ከምዕራብ ትመጣለች፣ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። የቀሩትን ስድስት ቀናት የት እንደምታሳልፍ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ አንጋጦ ያያት ነበር። በኋላ ተለመደች። ሰዓት የሌላቸው ሴቶች እሷን አይተው ወጥ ይጥዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንያህልሻል ጥጥ ነዳፊ ነበረች። ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ አስጠግተው ሲመቱት ጥጡ ይፍታታል፣ እንደ አረፋ ይነሳል፣ ያኔ ለእንዝርት ይመቻል። የእሷ ደጋን ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ ክትክታ እንጨት። እሷ የነደፈችውን ጥጥ የፈተለች ሴት ክር ተበጠሰብኝ ብላ አታውቅም። ይህን የሚሉት ሌሎች ናቸው፤ እሷም ትስማማለች።

ለቃና ዘገሊላ ጓንጉል መጣና፣ «ፍላጻ ሠርቼ ደጋን አጣሁ። ወንዙን አሻግሬ እወረውራለሁ ብዬ ተወራርጃለሁ፤ ቅዳሜ እመልስልሻለሁ» አላት። ሰጠችው። ወረወረ። ፍላጻዋ ሄደች፤ ደጋኑ ከወገቡ ሁለት ሆነ። ቅዳሜ ስባሪዎቹን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣ። ይህ በደል አይደለም፤ ዕቃ ይሰበራል። በደሉ የመጣው ሽማግሌ ፊት ነው። «ደጋኑ ድሮም ስንጥቅ ነበር» አለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩና፣ የእንጨት ነገር እንጨት ጠራቢ ያውቃል ብለው ፈረዱለት።

ማንያህልሻል ያን ቀን ሁለት ነገር ተናገረች። አንደኛው እዚህ አይጻፍም። ሁለተኛው፣ «በእናቴ ደጋን ያልተነደፈ ጥጥ ከእንግዲህ በቤቴ አይፈተልም» የሚል ነው። ኩሩ ሴት ናትና ያለችውን አላጠፈችም። ለመንደፍ ያዘጋጀችው አንድ ጆንያ ጥጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ጓዳ ውስጥ ቆመ።

መጽናኛዋ ፍላጻዋ ነበረች። ከስንጥቅ ደጋን የወጣች ፍላጻ የጎረቤት አጥር አታልፍም። ይቺ ግን ከሺህ ስድስት መቶ ጊዜ በላይ በሰፈሩ አልፋለች። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ማንያህልሻል ደጃፏ ላይ ወጥታ፣ «ምስክሬ መጣች» ትላለች። ጓንጉል ማዶ ሆኖ በሩን ይዘጋል።

ባለፈው ጥቅምት ፍላጻዋ ዝቅ ማለት ጀመረች። በመጀመሪያው ሐሙስ የቴሌቪዥን አንቴና ነካች። በሁለተኛው የውድነሽን የልብስ ገመድ ቆረጠች። ውድነሽ ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤት ናት። የሰፈሩ ኮሚቴ በየግንቡ ላይ፣ «ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ጎንበስ ይበሉ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ሰዉም ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ምስክርሽ እኮ አርጅታለች» አለቻት ውድነሽ ገመዷን እየቀጠለች።

«እኔስ? ያረጀ ሁሉ ይወድቃል እንዴ?»

«ከወደቀች ጓንጉል ምን ይላል?»

«ይኸው፣ ደጋኑ የማይረባ ነበር ይላል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አትወድቅማ» አለች ማንያህልሻል፤ ገብታም አልጋዋን ወደ ጓዳ አዛወረች።

ፊት ለፊት ያለውን ክፍል በስምንት ቀን የፍላጻ መጠገኛ አደረገችው። ማንንም አልጠየቀችም። ፊደል በቅጡ አልቆጠረችም፤ እጇ ግን ያነባል። ከምዕራቡ መስኮት እስከ ምሥራቁ መስኮት ሲባጎ ወጥራ የፍላጻዋን መንገድ ለካች፤ ጠረጴዛውን ሲባጎው ሥር አቆመች። ጠረጴዛው ላይ የሟች ባሏን ሞርሳ አሰረች። ሟቹ መካኒክ ነበር፤ ሞርሳው የመኪና ብረት ሲነክስ የኖረ ነው። የፍላጻዋን ሸምበቆ እንዳይሰብር መንጋጋውን ቆዳ አለበሰችው። ጠረጴዛው ተጎትቶ እንዳይሄድ የወፍጮ ድንጋይ ጫነችበት። ቢላውን፣ ወስፌውን፣ ሞረዱንና ብርጭቆ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በሚስማር በሚስማር ሰቀለች፤ ጨለማ ውስጥ እንኳ እጇ ሳይሳሳት የሚያነሳው ሆነ።

የላባውና የብረቱ ማሰሪያ ከበሬ ጀርባ የሚወጣ ጅማት ነው። ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በአፍ ታኝኮ ይለሰልሳል። ማንያህልሻል ለዚህ የሚሆን ጥርስ ስላልነበራት ለውድነሽ ሰጠቻት። ውድነሽ ረቡዕ ረቡዕ እያኘከች ታመጣላታለች። ላባውን ከቄራው ጀርባ የጆፌ አሞራ መዋያ ላይ ራሷ ለቀመች። ሰምና ኮላ ከገበያ ገዛች። በመጨረሻ ያንን ጆንያ ጥጥ ከጓዳ ጎትታ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ትይዩ አስቀመጠችው።

በኅዳር ሁለተኛ ሐሙስ ሁለቱንም መስኮት ከፈተች። አራት ሰዓት ሆነ። ፍላጻዋ ገባች፣ ጆንያው ውስጥ እስከ ወገቧ ሰጠመች፣ ቆመች። ጥጥ ፍላጻ ያቆማል።

በሁለት እጇ ስባ አወጣቻት፤ ሞርሳው ውስጥ አሰረቻት። ፍላጻዋ ታስራም ቢሆን እንደ ጡት የከለከሏት ጥጃ ወደ ምሥራቅ ትጎትት ነበር። ላባዎቿ አልቀው አከርካሪያቸው ብቻ ቀርቷል። ማሰሪያው በስብሷል። ብረቷ ዝጓል፤ ዝገቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፏል። ማንያህልሻል ቅርፊቱን አንስታ በሲኒ አስቀመጠች፤ ባለቤቱ ከመጣ ብላ ነው።

ከዚያ በአውራ ጣቷ ሸምበቆውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው። ሸምበቆ አንጓ አለው። ይሄኛው ግን እንዲያ ተፍቆ፣ እንዲያ ለስልሶ፣ አንጓው የት እንዳለ ጣቷ አላገኘውም። እንደገና ዳሰሰች፤ አላገኘችም። በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ አየችው፤ እንደ ወንጌል ቃል ቀጥ ያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብና ፀሐይ አላጎበጠውም።

«ይህ ሰው አፉን እንደ ሸምበቆው ቢያቀናው ኖሮ!» አለች። ደግማ ዳሰሰችውና፣ «እጁስ እጅ ነው» ብላ ጨመረች። ውድነሽ እንዳልሰማች ለማየት ዘወር አለች። ውድነሽ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

ያን ቀን ብረቷን ሞረደች። ሞርሳውን ስታላላው ፍላጻዋ በምሥራቁ መስኮት ወጥታ ሄደች። በየሐሙሱ አንድ አንድ ሥራ ሠራች፦ የፊቱን ማሰሪያ ለወጠች፣ ሸምበቆውን ሰም ቀባች። አራተኛው ሐሙስ የላባ ሆነ። ላባው ሦስት ነው። በእጇ ካሉት ውስጥ ሁለቱ ከአሞራ ግራ ክንፍ፣ አንደኛው ከቀኝ ክንፍ የወጡ ነበሩ። ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን እንዳለባቸው አላወቀችም። አሞራ ሁለት ክንፍ እንዳለው ታውቃለች፤ ክንፎቹ እርስ በርስ እንደሚጣሉ ማን ነገራት? ለጥፋ፣ በጅማት አስራ፣ ለቀቀቻት።

ፍላጻዋ ከመስኮቱ እንደወጣች ወደ ግራ ታጠፈች። ወንዙን ተሻገረች፣ በጓንጉል የተዘጋ በር ስንጥቅ ሾልካ ገባች፣ ቁርስ በሚበላበት ገበታ ላይ አለፈች፣ ቆቡን ይዛ በመስኮቱ ወጣች። ጩኸቱ እስከ ሸማኔ ሰፈር ተሰማ። ማንያህልሻል ስህተት ነው ብላለች፤ እኛም ስህተት ነው እንላለን።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጓንጉል ከዘራውን ይዞ ባዶ ራሱን ደጃፏ ቆመ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

«ጤናዬን እኔ አውቀዋለሁ። የመጣህበትን ተናገር።»

«ፍላጻሽ ቤቴ ገባች።»

«የማን ፍላጻ?»

ጓንጉል መሬት መሬት አየ። «ፍላጻዬ» አለ። «ቆቤን ወሰደችው።»

«ቆብ እንጂ ራስ አይደል። ግባ፣ ትመጣለች።»

ገባ። ቁጭ አላለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አንድ በአንድ አየ። ቆዳ የለበሰውን ሞርሳ ነካ አደረገው። ሲባጎውን አየ። እሱ አርባ ዓመት እንጨት ሲጠርብ መሮውን በየቀኑ ሲፈልግ ነው የኖረው። ተመልሶ ወጥቶ ከዘራውን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ከደጅ አስደገፈው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሰው እንደሚያደርገው።

አራት ሰዓት ላይ ፍላጻዋ ገብታ ጆንያው ውስጥ ቆመች። ቆቡ ወገቧ ላይ ተሰክቷል።

«ርጥብ ነው» አለ ጓንጉል ቆቡን እየጨመቀ። ጣቱን ላሰ። «ጨው ጨው ይላል።»

«ባሕር ሳታቋርጥ አትቀርም» አለች ማንያህልሻል። «ያዛት። ያንተ አይደለች?»

ከወረወራት ወዲህ ያን ቀን መያዙ ነው። ከብረቷ ጀምሮ በጣቱ ዳሰሳት። ወደ ላባው ሲደርስ ቆመ።

«ይህን ማን ቋጠረው?»

«እዚህ ቤት ሌላ ሰው ታያለህ?»

«እኔም አኝኬያለሁ!» አለች ውድነሽ ከበሩ።

ጓንጉል ቋጠሮውን ወደ ብርሃን አስጠጋ። ጅማቱ አንዱ ካንዱ ሳይደራረብ ተኝቷል፤ ጫፉ የት እንደገባ አይታይም። «እኔ እንዲህ አድርጌ አላስርም» አለ።

«አትችላ!»

«አልችልም» አለ ጓንጉል። ማንያህልሻል ጎንበስ ብላ የራሷን ቋጠሮ አየች።

«አንደኛዋ ላባ ግን የቀኝ ክንፍ ናት» አለ። «ለዚያ ነው የምትታጠፈው።»

«ይሁን። ይቃናል» አለች።

ከዚያ ወደ ኋላዋ ጫፍ ሄደ፤ የደጋኑ ጅማት የሚያርፍባትን ጭረት በጥፍሩ ነካ። ጅማቱ ሲገፋት የተወው አሻራ እዚያ አለ፤ ሸምበቆው ውስጥ ጠልቆ፣ እንደ ማኅተም። ጓንጉል ብዙ ጊዜ አየው፤ ስንጥቅ ደጋን እንዲህ አጥልቆ አይገፋም። እንጨት ጠራቢ ነውና ያየውን አላየሁም ሊል አልቻለም።

«ደጋኑ ጤነኛ ነበር» አለ በቀስታ።

«ለሸምበቆው አትንገረው። እሱ ያውቃል» አለች ማንያህልሻል። «ውድነሽ፣ ጋሽ ይመርን ጥሪልኝ።»

ጋሽ ይመር ያን ነገር ካዩት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት ብቸኛው ናቸው፤ ጆሯቸው ግን አስቀድሞ ሄዷል። መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ደጋኑ ጤነኛ ነበር» አለ ጓንጉል።

«ማን ታመመ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ጮክ በል» አለች ማንያህልሻል። «ያኔ ድምፅህ ደህና ነበር።»

«ደጋኑ ስንጥቅ አልነበረም!»

«እህ?»

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «እኔ ነኝ ከልኩ በላይ ስቤ የሰበርኩት! እንጨት ጠራቢ ሆኖ የእንጨት ልክ አያውቅም እንዳይሉኝ ዋሸሁ! የእናቷ ደጋን እንከን አልነበረበትም!»

ሸማኔዎቹ ሥራ አቆሙ። ከወንዙ ማዶ የጓንጉል ሚስት ሳትቀር ከቤት ወጣች።

ጋሽ ይመር ሁሉንም ሰሙ። «ይህን ለመናገር ሠላሳ አንድ ዓመት ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«በሬን ስዘጋ።»

«ፍርዱ ተገልብጧል» አሉና በበትራቸው መሬቱን መቱ። «ሁለቱ ሟቾችም ተስማምተዋል።» እንዴት እንዳወቁ ማንም አልጠየቃቸውም።

ማንያህልሻል አላለቀሰችም፤ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች እንጂ። ከዚያ ፍላጻዋን ሞርሳው ውስጥ አሰሯት፤ ጓንጉል ሸምበቆውን ያዘ፣ እሷ የቀኙን ላባ አውልቃ የግራ አሰረች። ሞርሳውን ስታላላው ፍላጻዋ በምሥራቁ መስኮት ወጥታ ወደ ላይ አቀናች። ከአንቴናው፣ ከባሕር ዛፉ፣ ከአሞራዎቹ በላይ ሄደች። ያንን የሚያህል ከፍታ በጉብዝናዋም ወጥታው አታውቅም። ጋሽ ይመር ልማድ ሆኖባቸው ጎንበስ ብለው ቆዩ።

ከሰዓት በኋላ ማንያህልሻል ስባሪዎቹን ከነነጠላቸው አወጣች። ጓንጉል ሁለቱን አፍ አቀጣጥኖ አጋጠመ፤ እሷ ኮላ ቀብታ በጅማት ጠመጠመችው፤ ሞርሳው ነክሶት አደረ። ጓንጉል ከዘራውን አነሳ። ሲወጣ፣ «ቆብህን አስጣው» ብቻ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ማንያህልሻል ደጋኑን ከሞርሳው ፈታች፣ ጅማት ወጠረችበት፣ ጆንያውን ዘርግፋ ተቀመጠች። ጅማቱን መታችው። ድምፁ የእናቷ ቤት ድምፅ ነው። የመጀመሪያው ጥጥ ተፍታቶ ተነሳ፤ እስከ ጣሪያው ወጣ፣ በምሥራቁ መስኮት ሄደ፣ አልወረደም። ሁለተኛውም እንዲሁ። ጆንያው እስኪያልቅ ነደፈች። ወደ ደጅ ስትወጣ ጥጡ ፍላጻዋ በሄደችበት መንገድ ላይ ሰማዩን ይዞ ቆሟል፤ ጭራው እጇ እስከሚደርስበት ዝቅ ብሏል። እንዝርቷን አወጣችና ጭራውን ጠቅልላ አሾረችው። ክሩ መጣላት፤ ቀጭን፣ የማይበጠስ። ጥቂት እንደፈተለች ክሩ ከወዲያኛው ጫፍ ሁለት ጊዜ ተጎተተ፤ እዚያ ያለ ፈታይ ክር ሲያጥረው እንደሚያደርገው። ማንያህልሻል እንዝርቷን አቆመችና አንድ ክንድ ያህል ለቀቀችለት።