የጋሽ ጥሩምባ ጥርሶች

እንግዲህ ያቺ ከተማ ያለ ጥሩምባ ምንም ነገር መጀመር አትወድም። መንገድ ሲመረቅ ጥሩምባ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ጥሩምባ፣ ከንቲባ ሲሾምም ሲሸኝም ጥሩምባ ነው። አንዱ ከንቲባ ሲሸኝማ የማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ነፍቷል ተብሎ ግምገማ ተቀምጦበታል። የጓዱ ደሞዝ ትንሽ፣ የደንብ ልብሱ ሰፊ፣ ሥራው ግን ማለቂያ የለውም፤ ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ ስትስቅም ስታለቅስም ቆሞ ያጅባታል።

የጓዱ የመጀመሪያ ትራምፔት ነፊ ጋሽ ጥሩምባ ይባላል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ደሞዝ ከፋዩና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ለቀረው ሕዝብ፣ መንገድ ዳር ኳስ ከሚያባርሩት ልጆች ጀምሮ እስከ ዳኛው ድረስ፣ ጋሽ ጥሩምባ ነው። ከፊት ረድፍ በስተቀኝ ያለው ወንበር የእሱ ነው። ባለቤቱ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋችለት ትራስ ከዚያ ወንበር ላይ ተለይታ አታውቅም። ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት ጓዱ በሙሉ መሣሪያውን የሚቃኘው እሱ በሚሰጠው ድምፅ ነበር። አለቃው እጁን ያነሣና «ስጠን» ይለዋል፤ ጋሽ ጥሩምባ አንዲት ረጅም ድምፅ ይሰጣል፤ ሌላው ይከተላል። ይህች «ስጠን» የምትባል ቃል ከሹመት ትበልጥበት ነበር።

ጉድ የፈላው በዓመቱ መጀመሪያ፣ የእግረኞች ድልድይ በተመረቀበት ዕለት ነው። ጓዱ ክፍት መኪና ላይ ሆኖ እየነፋ ሲሄድ አንዲት ዶሮ መንገድ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ ደግ ሰው ነውና ፍሬን ያዘ። ዶሮዋ ተረፈች፤ የጋሽ ጥሩምባ ሁለት የፊት ጥርሶች ግን አልተረፉም። የመታው የገዛ ትራምፔቱ ነው። ደሙን በመሐረብ ጠርጎ፣ ጥርሶቹን ኪሱ ከትቶ፣ ትራምፔቱን መልሶ አፉ ላይ ደገነና ጉንጩን ወጥሮ እስከ ምረቃው መጨረሻ ቆመ። ድምፅ የሚባል ግን አልወጣውም።

የትራምፔት ነገር እንዲህ ነው፤ ከንፈር የሚደገፈው በፊት ጥርስ ነው። ድጋፉ ከሄደ ትንፋሽ በጎን ያመልጣል። የጥርስ ሐኪሟ አፉን አገላብጣ አይታ፣ ድዱ ድኖ ሰው ሠራሽ ጥርስ እስኪገባለት ወራት እንደሚፈጅ ነገረችው።

«እስከዚያስ መንፋት?» አላት።

«ትኩስ ሾርባ ካልሆነ በቀር ምንም እንዳይነፉ» አለችው፤ ቀልዷ ግን አላሳቀውም።

የሚያሳቅቅ ነገር ነበራ! በጓዱ ደንብ መንፋት ያቃተው ሰው መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። ከእሱ በፊት የተዛወረው ሳክስፎን ነፊ አሁን ወንበርና ጠረጴዛ ያወጣል፣ ያስገባል፤ የጓዱ ልምምድ ሲሰማው የግምጃ ቤቱን በር ይዘጋል ይባላል። ጋሽ ጥሩምባ ይህን በር በሕልሙ ሳይቀር ማየት ጀመረ።

ስለዚህ ወሰነ። ክፍተቱን እንዲሸፍንለት ጢሙን አሳደገ፤ ለጠየቀው ሁሉ ጉሮሮዬን ብርድ መትቶኛል አለ፤ መድረክ ላይም ትራምፔቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ ቁልፎቹን በጣቱ እየተጫነ፣ ጉንጩን እየወጠረ ሊቀመጥ ቆረጠ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ሚስቱ፣ «ይሄ ሁሉ ሕዝብ ጆሮ የለውም ብለህ ነው?»

«ሕዝቡ የኔን ጉንጭ ያያል፤ ዜማውን ከክላርኔቱ ይሰማል።»

«እሺ፣ ጓደኞችህስ?»

ጢሙን ማበጠር ያዘ።

እንዳጋጣሚ አለቃው በዚያው ሰሞን «ከዛሬ ጀምሮ የምንቃኘው በክላርኔት ነው፤ ለለውጥ ያህል» አለ። ጋሽ ጥሩምባ ቅር ቢለውም ዕድሉን አመሰገነ። «ስጠን» ቢባል ኖሮ በዚያው ቀን አብቅቶለት ነበር።

ያላረፈችለት ሁለተኛዋ ትራምፔት ነፊ ናት። ጎኑ የምትቀመጠው ይህች ሴት «ዝምታ» ትባላለች። ጥሩምባ እየነፋች ዝምታ መባሏ እንግዳ ሰው ያስቃል እንጂ የሚያውቃትን አይገርመውም፤ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ከአፏ የሰማ የለም። የሁለተኛ ሥራ ከዜማው በታች ዝቅ ብሎ መደገፍ ነው። ዝምታ ግን ከድልድዩ ምረቃ ወዲህ ቦታዋን ለትሮምቦኑ ትታ፣ የጋሽ ጥሩምባን ዜማ ራሱን መንፋት ጀመረች። በዚያ ላይ ዓይኗ ከጉንጩ አይነቀልም። ወንበሬን ፈልጋ ነው አለ በልቡ። ጥርስ ነከሰባት እንዳይባል የሚነክስበት ጥርስ አልነበረውም እንጂ አምርሮባት ነበር። ግን ምን ይበላት? «ለምን የኔን ትነፊያለሽ?» ቢላት፣ «እርስዎስ ምን እየነፉ ነው?» ብትለውስ?

ዓመቱ እንዲህ እያለ ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ታድሶ አለቀና፣ ሕዝቡ መንገዱን ይዞ ተሰልፎ መጻሕፍቱን እጅ በእጅ እየተቀባበለ ከመጋዘን ወደ መደርደሪያቸው ሲመልስ፣ ጋሽ ጥሩምባ ደረጃው ላይ ጉንጩን ወጥሮ ቆሟል። በትምህርት ቤቶቹ የመዝሙር ውድድር ላይ ወጥሯል። የወንዙ ዳርቻ በዘመቻ ሲጸዳ፣ ከውኃው ውስጥ አልጋና የቁም ሣጥን በር ሲወጣ፣ ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ፣ እሱ ያው ወጥሯል።

የከበደው የአዋላጅዋ ቀብር ነው። የከተማዋን ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም የተቀበለች፣ የእሱንም ልጆች ሁሉ ያዋለደች ሴት ናት። ሣጥኗ ሲወርድ አንድ ትራምፔት ብቻውን እንዲነፋላት ልማድ ነው፤ የሚነፋውም እሱ ነው። ትራምፔቱን አነሣ። ለእሷ እንኳ አንድ ትንፋሽ አጣሁ ብሎ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ከጎኑ ዜማው ተነሣ፤ ለስላሳ ነበር፣ አንዲት ቦታ እንኳ አልተጣደፈም። ዝምታ ነበረች። የዚያን ቀን ሊጣላት ይሁን ሊያመሰግናት የሚገባው ግራ ገብቶት ቤቱ ገባ።

በመጨረሻ ጥርሶቹ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍዳ ለጎረቤትም ተረፈ። ትራምፔቱ ውስጥ ፎጣ ወትፎ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይለማመዳል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን የሙዚቃ አይደለም። የጎረቤት ሴትዮ ሚስቱን ደጅ ላይ አስቁማ፣ «ጥጃ ገዛችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ ገና ጡት አልተወም» አለች ሚስቱ ፊቷን ሳታዞር። እንዲህ ናት እንግዲህ፤ ቤት ውስጥ ትቆጣዋለች፣ ውጭ ግን ለማንም አሳልፋ አትሰጠውም። ከንፈሩ ሲቆስል ቫዝሊን፣ ሲናደድ ሻይ እያቀረበች ከረመች። ዜማ የሚመስል ነገር የወጣው ቀን በሩን ከፍታ ምንም ሳትናገር እጁን ሳመችው።

በዚያው ሰሞን ከተማዋ ሌላ ጭንቅ ላይ ነበረች። ምክር ቤቱ ጓዱ እሑድ እሑድ የሚጫወትበትን መናፈሻ አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አሰበ፤ ሕዝቡም አዳራሹን ሞልቶ ተከራከረ። ፀጉር አስተካካዩ ተናገረ፣ ዳማ ተጫዋቾቹ ተናገሩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጆቼ፣ መኪናውን የትም ታቆሙታላችሁ፤ እኔን ግን የት ታቆሙኛላችሁ?» አሉ። አዳራሹ ተናጋ። ድምፅ ሲሰጥ መናፈሻው ተረፈ።

በዚያው እሑድ መናፈሻው እግር መጣያ አልነበረውም። አሮጊቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ ጥሩምባ ሕዝቡን ሲያይ ልቡ ሞላ፤ ዛሬስ አላስመስልም አለ። የዜማው ቦታ ሲደርስ እውነተኛ ትንፋሽ ሳበና ነፋ።

ድምፁ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ሻካራ ነው፣ ግን የራሱ ነው። በዚያችው ቅጽበት ከጎኑ አንድ ነገር ሆነ፤ ዝምታ ዜማውን ለቀቀች። ኖታዋን እንኳ ሳታይ ወደ ጥንት ቦታዋ ዝቅ ብላ ትደግፈው ጀመር። ጥቂት እንደሄደ ከንፈሩ ዛለና ድምፁ ሊቆረጥ ሲል፣ ሳይቆረጥ አነሣችው። ዐረፍ ብሎ እንደገና ሲስብ እንደገና ለቀቀችለት። ዓይኗ እንደ ወትሮው ጉንጩ ላይ ነው። ጋሽ ጥሩምባ ያኔ ገባው። ወንበሩን ስትመኝ አልነበረም የከረመችው፤ ትንፋሹን ስትጠብቅ ነው።

ዝግጅቱ አልቆ የኖታ ማስቀመጫዎቹን ሲያጣጥፉ አለቃውን ይዞት ወደ ዛፍ ሥር ሄደ።

«ታውቁ ነበር?»

«ምኑን?» አለ አለቃው፤ ወዲያው ግን ማስመሰሉ አላስኬድ አለው። «ጋሼ፣ ደሙ እኮ ሸሚዝህ ላይ ነበር። ደግሞ ያ ጢም! ማንን ሊያታልል ነው?»

«ለምን ግምጃ ቤት አልላካችሁኝም ታዲያ? ደንቡ...»

«የዝውውር ደብዳቤህን ልጽፍ ነበር፣ አልዋሽህም። ዝምታ ቢሮዬ መጣች። ያን ቀን የተናገረችውን ያህል ከተቀጠረች ጀምሮ አልተናገረችም። ‹ጥርሳቸው እስኪደርስ እኔ እይዝላቸዋለሁ። ትሮምቦኑ የኔን ይያዝልኝ፤ ቅኝቱን ወደ ክላርኔት ያዙሩት። እሳቸው ከሄዱ እኔም መሣሪያዬን አስረክባለሁ፤ ማንም ትንፍሽ እንዳይል› አለችኝ። ማንም ትንፍሽ አላለም።»

ጋሽ ጥሩምባ ዛፉን ተደገፈ። ዓመቱን ሙሉ የጠላት ያህል ያያት ልጅ!

በማግስቱ ልምምድ ላይ ሰው ሳይሞላ ቀድሟት ጠበቃት። ምስጋናውን አጥንቶ መጥቶ ነበር፤ ስትገባ ግን ሁሉም ጠፋው።

«ስሚ፣ እኔ ክፉ አስቤብሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ፊትዎ ይናገራል» አለችና ፈገግ አለች።

«ታዲያ ለምን? እኔ ብሄድ ወንበሩ ያንቺ ነበር።»

ዝምታ የትራምፔቷን ቁልፎች በጨርቅ መወልወል ያዘች። «አዲስ የገባሁ ጊዜ ከንፈሬ ተሰንጥቆ ነበር። ሴት ትራምፔት አትችልም የሚሉት እንዳያዩብኝ ደብቄ እነፋ ነበር። እርስዎ እያጉረመረሙ መጥተው አንዲት የቅባት ቆርቆሮ ጭኔ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ። ለማንም አልተናገሩም።»

ጋሽ ጥሩምባ ቢያስብ ቢያስብ ትዝ አልለው አለ። «እኔ?»

«እርስዎ። ቆርቆሮዋ አሁንም አለችኝ።»

ጢሙን ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነበር። ከተማዋ ዓመቱን ሙሉ የሠሩላትን ሁሉ የምታመሰግንበት ዝግጅት ነው፤ ጽዳት ሠራተኞቹ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሴቶች፣ ዶሮ ያዳነው ሾፌር ሳይቀር ከፊት ተቀምጠዋል። አለቃው ወደ መድረኩ ወጥቶ እጁን አነሣ። «ዛሬ በትራምፔት እንቃኛለን» አለና ወደ ጋሽ ጥሩምባ ዞሮ፣ «ስጠን» አለው።

ዓመት ሙሉ የናፈቃት ቃል ናት። ጋሽ ጥሩምባ ግን ተነሣ። ትራሱን ከወንበሩ አነሣ፣ አቧራዋን አራገፈ፣ በመጀመሪያው ወንበር ላይ መልሶ አስተካክሎ አስቀመጠና የዝምታን ክንድ ይዞ እዚያ አስቀመጣት። እሱ በሁለተኛው ወንበር ተቀመጠ። ሚስቱ ከታች አፏን በእጇ ያዘች።

«ስጪን» አላት ጋሽ ጥሩምባ።

ዝምታ ሰጠች፤ ጓዱም ተከተለ። ከዚያ የመጀመሪያው ዜማ ተጀመረ፤ መሐሉ ላይ የትራምፔት ሶሎ አለበት። አነሣችው፣ ወደ ላይ ይዛው ወጣች። ከፍተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን እንባዋ ቀደማት፤ ማልቀስና መንፋት ደግሞ አብረው አይሄዱም። ትንፋሿ ተቆረጠ።

ዜማው ግን አልተቆረጠም። ጋሽ ጥሩምባ ዓይኑን ከጉንጯ ነቅሎ አያውቅም ነበርና ሳይወድቅ ተቀበላት። በአዲሶቹ ጥርሶቹ፣ ትንሽ ሻከር ባለ ድምፅ፣ እስክትረጋጋ ድረስ ያዘላት። ትንፋሽ ስትስብ አየና ለቀቀላት፤ ዝቅ ብሎም ይደግፋት ጀመር። ከአዳራሹ ያወቀ ሰው አልነበረም።

ጭብጨባው ቤቱን ሲያናጋው ዝምታ ወደ እሱ ዘንበል አለች።

«አመሰግናለሁ ጋሼ።»

«ዝም በይ፣» አላት ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይሰሙሻል።»