የእታለም ቋጠሮ

እህቴ የሸሚዝ ግራ እጅጌ ለቀኝ ክንድ ቆርጣ የሰጠችኝ ቀን ሳቅሁባት። እሷ እኮ ጨርቁን በዓይኗ ብቻ ለክታ ስንት ሸሚዝ እንደሚወጣው የምትናገር ቆራጭ ናት። «እንዝርት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ሰውየው ክንዱን ነቅሎ አዙሮ ካልገጠመው በቀር ይሄን አይለብሰውም» አልኳት። እንዝርት የምንላት ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማታውቅ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወዲያው በእኔ ስፌት ትመልስልኝ ነበር። የእኔ ቋጠሮ ወፍራም ነው፤ ክሩ ይፈታብኛል ብዬ ስለምፈራ ጫፉን ደጋግሜ እቋጥረዋለሁ። «እታለም፣ ያንቺን ልብስ የለበሰ ሰው ባቄላ ላይ ተኝቶ ያደረ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። ያን ቀን ግን አልቀለደችም። መቀሱን አስቀምጣ ፊቴን ስታይ ቆየችና፣ «የእህቴን ፊት ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። እንቅልፍ አጣች። እኔ ያበሰልኩትን አልቀምስም አለች። እውነተኛዋን እህቷን መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ቀብሬ፣ ፊቷን ለብሼ የመጣሁ ሌላ ሴት እንደሆንኩ አመነች፤ አንድ ቀን ክር ገዝቼ ስመለስ የወለሉን ጣውላ በመቀስ ስትነቅል አገኘኋት። ጎረቤት መቼ ወሬ አጥቶ ያውቃል? አንዷ ፍቅር ነው አለች፣ ሌላዋ ቅናት ነው አለች። እናታችን ድካም ነው አለች። እኔ ቁጡ ነኝና፣ «ሲሰለቻት ትተወዋለች» አልኩ። አልተወችውም። ካውያው አጠገብ እንደቆመች ክንዷ መንዘፍዘፍ ጀመረ፤ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣመመና ወደቀች። ተሸክመን ሆስፒታል አስገባናት።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ቆማ የምታወራ ሴት ናት። ከእህቴ ጀርባ አጥንት ፈሳሽ ቀድታ አስመረመረች። ከዚያ እኔንና እማዬን መተላለፊያው ላይ ጠርታ፣ ከዚህ በፊት ጉንፋን ይዟት እንደነበር ጠየቀችን። ይዟት ነበር፤ ተኝታ ተነስታለች።

«በሽታ የሚዋጉልን ሕዋሳት አሉ» አለች። «አንዳንዶቹ በደም ውስጥ ይዞራሉ። ሌሎቹ እዚያው አንጎል ውስጥ ይኖራሉ፤ የተጎዳውን ያነሳሉ፣ ያጸዳሉ። የእሷ ሕዋሳት ተሳስተዋል። የገዛ አንጎሏን እንደ ጠላት አይተው እየወጉት ነው። ቁስል ሲቆጣ አይታችሁ የለ? ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። የእሷ አንጎል ተቆጥቷል። እጅ ቢያብጥ ቦታ አለው፤ አንጎል ግን አጥንት ውስጥ ነው ያለው፣ መሄጃ የለውም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ ውሻ ግን በመጮህ አላበቃም፤ ጅቡን ያጣ ጊዜ ዞሮ የቤቱን ባለቤት ነከሰ። እንዲህ ነው የገባኝ፤ ገብቶኝም ይበልጥ ተናደድኩ። ሌባ ቢሆን ይዤ እጮሃለሁ። የገዛ ደሟን ምን ብዬ ልክሰሰው?

«ታዲያ ምን ይሻላል ዶክተርዬ?» አለች እማዬ።

«እነዚያን ሕዋሳት ማዳከም አለብን። ሲዳከሙ ግን እሷን የሚጠብቃት አይኖርም። ትንሽ ቁስል፣ ትንሽ ትኩሳት ብታዩ ለኔ ነው የምትነግሩኝ። አደራ!»

የመጀመሪያው መድኃኒት ፊቷን እንደ ድቡልቡል ሊጥ አሳበጠው፤ መንዘፍዘፉም ቆመላት። እማዬን ታውቃታለች። ነርሷን ታውቃታለች። የምግብ ጋሪ ለሚገፋው ሰውዬ እንኳ ገና ከበሩ ሲደርስ ትስቅለታለች። እኔ ስገባ ግን ወደ ግድግዳው ትዞራለች። «ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች?» ትላለች። ቀናሁ። በጋሪ ገፊ ቀናሁ፤ እንዲህም አለ ለካ! ሐኪሟ መድኃኒቱ እንዳልበቃት አይታ፣ ጠንከር ያለ ሁለተኛ መድኃኒት በደም ሥሯ እንደምትሰጣት ነገረችን። ሕዋሳቱ ገና እየወጉ እንደሆነ፣ በዘገየን ቁጥር ከአንጎሏ የማይመለስ ነገር ሊሄድ እንደሚችልም አልደበቀችንም። የማይመለሰው ነገር እኔ ብሆንስ? ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሌላ የማስበው ነገር ግን አልነበረኝም።

ስፌት ያስተማረችን እማዬ ናት። እንደ ድሮ ሰፊዎች ክር የገባባት መርፌ ከቀሚሷ ኮሌታ ሥር ተሰክታ ትውላለች፤ መንገድ ላይ የተተረተረ ልብስ ያየች እንደሆነ ሰው አስቁማ ትሰፋለች። እኔ ወደ ስፌት ሱቃችን ሄጄ የትምህርት ቤት ልብስ ስጨርስ እሷ ከእህቴ ጋር ብቻዋን ነበረች። ስመለስ መተላለፊያው ላይ እየሮጠች ተቀበለችኝ። መሀረቧን ዘረጋችልኝ። ጠርዙ ዙሪያውን ተዘምዝሟል፤ ቀጥ ያለ፣ ደቃቅ፣ የእንዝርት ስፌት።

«እጅ አይረሳም አላልኩሽም?» አለች፤ እንባዋ ይወርዳል። «መርፌዬን ብሰጣት ክሩን በምራቋ አርጥባ ራሷ አስገባችው። በጥርሷ በጠሰችው። ልክ እንደ በፊቱ!»

መቆጣት ነበረብኝ። ግን ስፌቱን ሳየው እኔም የሐኪሟን አደራ ረሳሁ። መሀረቡን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ እማዬ የእህቴን ቀኝ እጅ አልለቅ አለች። ይዛው ትውላለች፤ ነርሷ ስትመጣ አንሶላ ሥር ትከተዋለች። ሁለተኛው መድኃኒት ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው ጠረጠርኩና መተላለፊያው ላይ ያዝኳት።

«እማዬ፣ እጇ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል?»

«እማዬ!»

«መርፌዋ ወጋ አደረጋት» አለች በሹክሹክታ። «አውራ ጣቷ ትንሽ ቀላ ብሏል። መርፌ ሰፊ ገድሎ ያውቃል? እኔ ስንቴ ተወግቻለሁ? ብትናገሪ መድኃኒቱን ይከለክሏታል። አፈር ስሆንልሽ ልጄ፣ በሞቴ፣ ነገ ድረስ ብቻ ዝም በይ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ዝም አልኩ። ለእማዬ ብዬ አይደለም፤ መድኃኒቱን ከእሷ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። እሷን ልጇ ታውቃታለች።

በማግስቱ ነርሷ ከረጢቱን ብረቱ ላይ ሰቀለች። ሐኪሟ መጣች። «ትኩሳት አለ? ቁስል አለ?» አለች።

«ምንም የለም ዶክተርዬ» አለች እማዬ። እጇ አንሶላው ሥር ነበር።

ነርሷ የቱቦውን ጫፍ ስታነሳ እህቴ ተገላበጠች፤ እጇ ከእማዬ እጅ አመለጠና አልጋው ጠርዝ ላይ ተዘረጋ። አውራ ጣቷ ትንሽ አልቀላም። አብጦ ያብረቀርቃል። ከሥሩ የተነሳ ቀይ መስመር አንጓዋን አልፎ ወደ ክርኗ እየወጣ ነው። ከእማዬ ሌላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እማዬ አየችኝ። ስለ ምንም ነገር እንዲያ ስትለምነኝ አይቻት አላውቅም።

«ዶክተር» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «አውራ ጣቷን ይዩት።»

ሐኪሟ አየችው። ከረጢቱን ራሷ አወረደችው። እማዬ አልጮኸችም። «ገደልሻት» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ አልጋው ማዶ ወስዳ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ጣቷን ሲከፍቱት ከመግሉ ጋር የመርፌ ጫፍ ወጣ። ተሰብሮ ቀርቶባት ነበር። የሕዋሳቷን ጉድ እዩ፤ ይሄን ስባሪ እንዲያወጡ ነበር የተፈጠሩት፤ እነሱ ግን እዚያ ላይ አንጎሏ ውስጥ ሆነው እህቷን ከውስጧ ያወጣሉ።

ጣቷ እስኪሽር መድኃኒቱ ቆየ። በዚያ መሀል እንዝርት ቆመች። መጀመሪያ መናገር ተወች፤ ከዚያ መብላት፤ ከዚያ መገላበጥ። ክንዷን ብታነሱት እንዳነሳችሁት ይቀራል፤ የልብስ መስቀያ ነው የሚመስለው። እኔ ክንዷን እያወረድኩ አንሶላ አለብሳታለሁ። በማዶ በኩል እማዬ እግሯን ታሻለች። አንድ አልጋ ከብበን አንነጋገርም፤ ውኃ ስትፈልግ እንኳ በነርሷ ነው የምትልክብኝ።

ሐኪሟን ብቻዋን አግኝቼ ጠየቅኋት። «ዝም ብል ኖሮስ?»

«ምናልባት ትሞት ነበር» አለች። «ምናልባት ደግሞ ምንም አትሆንም ነበር። አላውቅም።»

እንድትዋሸኝ ፈልጌ ነበር። «ልክ ነሽ፣ አዳንሻት» ብትለኝ ምን ነበረበት? ሰድቤያት ልሄድ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዓይኗ ቀልቷል፤ እሷም የተኛች አትመስልም።

ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለኝ ልብስ ሰፋሁላት። ለቱቦዎቹ እንዲመች በሁለቱም ትከሻ ላይ በቁልፍ የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ፣ ከለሰለሰ ጨርቅ የተሠራ የሌሊት ልብስ። እሷ ብትቆርጠው ይሻል ነበር፤ ኮሌታው ትንሽ ተንሻፏል። ነርሷ አለበሰችልኝ። እማዬ ቀና ብላም አላየችው።

ጣቷ ሻረ። መድኃኒቱ ተሰጠ። ምንም አልሆነም። ደግሞ ተሰጠ። አሁንም ምንም። መጸለይ የሚያውቅ ይጸልያል፤ እኔ ተራገምኩ። ሕዋሳቷን ረገምኩ፣ ጉንፋኗን ረገምኩ፣ መርፌ የፈለሰፈውን ረገምኩ። ምላሴንም ረገምኩ፤ አንዳንዴ ደግሞ ዝም ያልኩበትን አንዱን ቀን።

አንድ ከሰዓት በኋላ እማዬ ፊቷን ልትታጠብ ወጥታ ሳለ የእህቴ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። አልተነሳሁም፤ ትንፋሼን ይዤ አየሁ። የሻረችው አውራ ጣቷ በእጅጌው ስፌት ላይ እየተሳበች ሄደች፤ ሰፊ ሥራ ሲመረምር እንደሚያደርገው፣ ክሩን ይዛ፣ ሳትቸኩል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቋጠሮውን አገላበጠችው። ጫን አለችው።

«ባቄላ» አለች።

ድምፅዋ የዛገ ነበር። «እንዝርት» አልኩ።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ቆየች። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ፈልጋ እንዳጣች ያስታውቅባታል። ከዚያ እንደ ድሮው በፍርሃት ወደ ግድግዳው አልዞረችም፤ ለማታውቀው ሰው እንደሚነገር፣ በጨዋ ደንብ ተናገረች።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄን ልብስ የሰፋችው እህቴ ናት። እዚህ ቤት የሆነ ቦታ አለች ማለት ነው። ይጥሩልኝ?»

«እኔ…» አልኩና ተውኩት። «እሺ፣ እጠራታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

እማዬ መተላለፊያው ላይ ፊቷን በዚያ በተዘመዘመው መሀረብ እያደረቀች ትመጣለች። ስታየኝ ምን እመስል እንደነበር እንጃ፤ የእህቴ ጣት ከተከፈተ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰችልኝ ሴትዮ ቆመች።

«ምን ሆነች? ምን አለችሽ?»

«እህቴን ጥሪልኝ አለችኝ።»

እማዬ አየችኝ። መሀረቡን እጄ ላይ አስቀመጠችና ወደ በሩ ገፋ አደረገችኝ። «ታዲያ ምን ቆመሽ ትሠሪያለሽ? ግቢ!»

ፊቴን ጠረግሁ። እንደ እንግዳ በሩን አንኳኳሁና ገባሁ። እህቴ በጉጉት ቀና አለች። ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ በትከሻዬ አሻግራ አየች፤ ማንም እንደሌለ ስታውቅ ፊቷ ወደቀ። ቋጠሮውን ግን አልለቀቀችውም።

«አላገኟትም?» አለችኝ።

«እየመጣች ነው» አልኳት። «ትንሽ ጠብቂያት።»