የሮቶው ክዳን

ኤልያብ ሲቀበር ክፍሉ በሙሉ ሄደ። ከሆሳዕና ወደ ሌሞ በሚወስደው የጭቃ መንገድ ግማሾቹ በጋሪ፣ ግማሾቹ በእግር ተጉዘው ድንኳኑ ውስጥ እንደ ክፍላቸው በረድፍ ተቀመጡ። ባዮሎጂ የምታስተምራቸው ታንጉትም ከሴቶቹ ጋር ጥግ ይዛ ነበር። የአንጋጫ ልጅ፣ አፏን በከምባትኛ የፈታች ስለሆነች ሐዲይኛው ሁሉ አይገባትም፤ ያልገባትን አጠገቧ የተቀመጠችው ሊሻን በጆሮዋ ትነግራታለች። ሊሻን የሟቹ የዴስክ ጓደኛ ነበረች።

የልጁ አባት አቶ ባፈና አላለቀሱም። ሰዉ ጸጥ ሲል ቀና ብለው ተናገሩ።

«ታይፎይድ ነው አሉኝ። ከውሃ የሚመጣ ነው አሉኝ። እኛ ቤት ሁላችንም የምንጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ታናናሾቹ ይኸው ይሯሯጣሉ። እሱ ብቻ ከተማ ገብቶ ምን ጠጣ?»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የእግዜር ሥራ አይመረመርም» አሉ።

«እግዜርን አይደለም የጠየቅሁት» አሉ አቶ ባፈና። «አስተማሪዎቹን ነው።»

ታንጉት ይህን ሊሻን ሳትተረጉምላት ገባት።

በዚያ ዘመን በትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ፕላዝማው፣ ትምህርት በሳተላይት የሚያመጣው ቴሌቪዥን ነበር። በብረት ሳጥን ተቆልፎበት ከሰሌዳው ጎን ተቀምጧል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ታንጉት ቁልፉን ከፍታ ታበራዋለች፤ ሲያልቅ አጥፍታ ትቆልፈዋለች። በረኛ ማለት ናት። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ» ይላል። ለማን ነው ቬሪ ጉድ? አፋቸውን ያልከፈቱ፣ ጥያቄው ራሱ ያልገባቸው ልጆች ፊት ለፊቱ ተደርድረው ያዩታል። መጀመሪያ ሰሞን ታንጉት በዚህ ትስቅ ነበር። እየቆየ ግን ያ ፈገግታ ያንገሸግሻት ጀመር። ያልታጠበ ብርጭቆ አፏ ላይ እንደደረሰ ሁሉ ፊቷን ትመልስ ነበር።

የኮምፒውተር ክፍሉም ከዚህ አይሻልም። አንድ ፕሮጀክተር አለ፤ ሲዲ ላይ ያለ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ። ጥናት አቅርቡ የተባሉ ተማሪዎች ከሲዲው ገጹን እንዳለ ይገለብጡና «ለበለጠ መረጃ እዚህ ይጫኑ» የሚለውን ሳይቀር ስክሪን ላይ ለጥፈው ያነባሉ። በአንድ ለአምስት ቡድን ከተደራጁት አንዱ ያነባል፤ ሁሉም እኩል ማርክ ያገኛሉ።

ከለቅሶው በተመለሱ ማግስት ታንጉት ፕላዝማውን ቀደም ብላ አጠፋችው።

«አቶ ባፈና ጠይቀውናል» አለች። «መልሱ ሲዲው ላይ የለም። እንዴት እንደሚፈለግ አሳያችኋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በተረፈቻት ደቂቃ ሁሉ ያስተማረቻቸው ይህንኑ ነው። ጥያቄህ በአንድ ትንፋሽ የማይባል ከሆነ ገና አልገባህም። ያየኸውን ከሰማኸው ለይ። ሰውየውን ስትጠይቅ መልሱን አታጉርሰው። አንድ ስላይድ አንድ ነገር ይበቃዋል፤ ሰው እያነበበ አይሰማህም። አምስት ደቂቃ አለህ፤ በአምስት ደቂቃ ያልነገርከውን በሰዓትም አትነግረውም። ልጆቹ መጀመሪያ ተቁነጠነጡ፤ ሳይገለብጡ መጻፍ ልብስ አውልቆ አደባባይ መቆም መስሏቸው ነበር። በኋላ ግን ጥያቄው ያዛቸው። ከክፍል ክፍል ዞረው ማን እንደታመመ፣ ማን ምን እንደሚጠጣ ጠየቁ። ከቤታቸው ውሃ ይዘው የሚመጡት የከተማ ልጆች አልታመሙም ማለት ይቻላል። ከሌሞ፣ ከጃጁራ፣ ከፎንቆ መጥተው ክፍል ተከራይተው ከሚማሩት፣ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ቧንቧ በእፍኛቸው ከሚጠጡት መሐል ግን ሆዱን ያልያዘ አልነበረም።

ቧንቧው የሚቀዳው ከሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሲሚንቶ ላይ ከተሰቀለው ጥቁር ሮቶ ነው። ክዳኑ ነፋስ ጥሎት ሣር ላይ ተገልብጦ የጥበቃው ዶሮዎች የዝናብ ውሃ ይጠጡበታል። የወደቀበትን ጊዜ የሚያስታውስ የለም። የክፍሉ ቀልደኛ ዳኘ የታንጉትን ሞባይል ይዞ ሮቶው ላይ ወጣ። ሲወርድ ግን ቀልድ አልነበረውም።

«ቲቸር፣ ሻይ ቤት ሄጄ አፌን ልታጠብ?»

«ምን አየህ?»

«እርግብ ነበረች። አሁን ምን እንደሆነች እኔ አላውቅም።»

ፎቶው ግልጽ ነበር። አረንጓዴ ልጋግ፣ በመሐሉ ያበጠ ነገር፣ ዙሪያውን ላባ። ታንጉትም ከዚያ ቧንቧ ስንት ጊዜ ጠጥታለች።

ልክ በዚያው ሰሞን ከበላይ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ፤ የሚያዩትም «በቴክኖሎጂ የታገዘ የተማሪዎች ጥናትና አቀራረብ» ነው። ርዕሰ መምህሩ ሽብሩ ይህን ሲሰማ ታንጉትን አስጠራት፤ በትምህርት ቤቱ ጥናት የሚባል ነገር የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ሊሻን የሠራችውን ስላይድ አንድ በአንድ አየና መሐሉ ላይ ቆመ።

«ታንጉትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እርግብ ነው።»

«እሱማ ይታየኛል። እዚህ ምን ሊሠራ ገባ?»

«እኛም የጠየቅነው እሱን ነው፣ አቶ ሽብሩ።»

ሽብሩ ሳቀ። ሳቁ ደግ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም የሚባል ዓይነት ሰው ነው። «ከምሳ በፊት ለእንግዳ እርግብ ይታያል? ሲዲው ላይ ‹የውሃ ጥቅም› የሚል አለልሽ፤ ፏፏቴም አለው፤ ያምራል።»

«ልጆቹ በየቀኑ ይጠጡታል።»

«እንግዶቹ ይሂዱና አስጸዳዋለሁ። እኔ ልጅ የለኝም?»

«ልጅዎ የሚማረው የት ነው?»

ሽብሩ ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አሠለጠነ። እንግዳ ሲጠይቅ የሚያውቅ ቀኝ እጁን ያወጣል፣ የማያውቅ ግራውን። ሳያወጣ የሚቀር አይኑር፤ ክፍሉ ሞልቶ መታየት አለበት። እየመረጠ የሚጠራው ራሱ ሽብሩ ነው፤ ቀኞቹን ብቻ።

«ጋሼ፣ ግማሹን የሚያውቅስ?» አለ ዳኘ።

«አንተ ሁለቱንም ኪስህ ክተት።»

ክፍሉ ሳቀ። ታንጉት አልሳቀችም። እዚያው በር ላይ ቆማ ስትሰማ፣ ከሁሉ ያቅለሸለሻት ልጆቹ ይህን ያለ ጥያቄ መቀበላቸው ነበር። እጅ ማውጣት ከልጅነታቸው እንዲህ ነው የተማሩት። ሊሻንን ለብቻዋ ጠርታ «ስላይዱን ቀይረውታል» አለቻት። «አምስት ደቂቃው ግን የአንቺ ነው።» ሌላ አልጨመረችም።

እንግዶቹ መጡ። ፊት ለፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። መብራቱ ጠፍቶ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ፏፏቴ በራ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «የውሃ ጥቅም» ይላል። ሊሻን አንዴ ዞራ አየችውና ጀርባዋን ሰጠችው።

«ጥያቄያችን ኤልያብ ምን ጠጥቶ ሞተ የሚል ነው» አለች። «የጠየቁን አባቱ ናቸው። መጀመሪያ ያየነውን እናገራለሁ።»

ተናገረች። ሮቶው ያለበትን፣ ክዳኑ የወደቀበትን፣ ውስጡ ያለውን። ከዚያ የጠየቋቸው የነገሯቸውን፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳልታመመ። ምን እንደማያውቁም ተናገረች፤ ውሃው በላቦራቶሪ አልተመረመረም፣ ስለዚህ እርግጠኛ ነን አንልም አለች። «የምንጠይቀው ሮቶው ዛሬ ተደፍቶ እንዲታጠብ ነው» ብላ ጨረሰች። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ታንጉት ወንበሯን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

የእንግዶቹ አለቃ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ ቀስ ብሎ አጨበጨበ፤ ሁሉም ተከተሉት።

«በራስ መተማመን ማለት ይሄ ነው» አለ። «ድምፅሽ ጥርት ያለ፣ ሰው ዓይን እያየሽ ነው የምትናገሪው። ለማሻሻያ ያህል፣ ስላይዱና ንግግሩ ትንሽ አልተገናኙም። እሱን አስተካክሉ።»

ጽፎ ማስታወሻውን ዘጋ። ከዚያ ስለ ውሃ ጥቅም አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ የእጅ ጫካ ተነሣ። ሰውየው ሽብሩን ሳይጠብቅ ራሱ ዓይኑን አንከራተተና አንድ ቀኝ ጠራ። ሌላ ቀኝ ጠራ። አንድም ግራ አልነካም። ታንጉት ቀና ብላ ስታየው ሽብሩን በዓይኑ ጠቀሰው።

ምሳ ላይ ክትፎው ቀርቦ ሳለ፣ አለቃው ጣቱን እየጠራረገ «እኔም እኮ አስተማሪ ነበርኩ፣ ሽብሩ» አለ። «ቀኝ እጆችህ ጎበዞች ናቸው።» ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ታንጉት የጎረሰችውን በሶፍት ተፍታ ወጣች። ቢናደዱባት፣ ውሸት ነው ቢሏት ይሻላት ነበር። ሰምተውታል። እያንዳንዱን ቃል ሰምተው ማርክ ሰጡት።

ሰኞ ጠዋት ሮቶው ጋ ሁለት ሠራተኞች ስታይ ግን ልቧ ከፍ አለ። ሮጠች። ሰዎቹ ክዳኑን ከሣር አንሥተው፣ ዶሮዎቹ የተጸዳዱበትን እንኳ ሳይጠርጉ ሮቶው ላይ ደፍተውታል፤ በሰንሰለት አሥረውም ቁልፍ እያንጠለጠሉበት ነው። ሽብሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመለከታል።

«ይኸው» አለ። «ክዳን ስትሉ ክዳን። ከእንግዲህ እየወጣ ፎቶ የሚያነሣ አይኖርም።»

«ውስጡስ?»

«በጀት ሲለቀቅ ይታያል።»

«ሳይደፉት ነው የቆለፉበት?»

«ታንጉት፣ ሪፖርቱ ሄዷል። በተማሪዎች ጥናት መነሻነት ችግሩ ተፈትቷል ብለን ነው የላክነው። ስምሽም አለበት።»

ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ። ስሟ እዚያ ውስጥ መኖሩ ልብሷ ላይ እንደተተፋ ሆኖ ተሰማት።

የዕረፍት ደወል ተደወለ። ልጆቹ እንደ ወትሮው ወደ ቧንቧው መጡ፤ የሰሙትም ያልሰሙትም፤ ጥም ጥናት አያውቅም። የፊተኛው እፍኙን ዘርግቷል። ታንጉት ወደ ሮቶው ሥር ጎንበስ አለች። ክዳኑን እንጂ ማፍሰሻውን የቆለፈው አልነበረም። የዛገ ነበርና በሁለት እጇ ታገለችው፤ ዳኘ መጥቶ አገዛት። ሲለቅቅ ውሃው እጃቸውን፣ ቀሚሷን፣ ጫማዋን አጥለቅልቆ ወጣ።

መጀመሪያ የጠራ መሰለ። ከዚያ አረንጓዴው መጣ፣ ሽታው መጣ። ሰልፉ ተበትኖ ዙሪያውን ከበበ። ላባ ወጣ፤ ቀጫጭን አጥንት ወጣ፤ ስሙን ማንም ያልጠራው ሌላም ነገር ወጣ። አንዲት ልጅ ዞራ አስታወከች። ዘርግቶ የነበረው ልጅ እፍኙን ሱሪው ላይ ጠራረገ።

«የመንግሥት ውሃ ነው የምታፈሺው!» አለ ሽብሩ።

«አዎ» አለች ታንጉት። አልተነሣችም።

«ዝጊው። እዚህ ትምህርት ቤት የምትቀሪ እንዳይመስልሽ። ዳኘ፣ ዝጋው።»

ዳኘ ወደ ታንጉት አየ፤ ወደ ሊሻን አየ፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሽብሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። አንዴ ከላላ ለመዝጋት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ እጁን እስከ ክንዱ እዚያ ውሃ ውስጥ መክተት ብቻ ነበረበት። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ አየ። ተማሪው ሁሉ ያየው ነበር። ሽብሩም እዚያው ቆሞ፣ ሮቶው እስኪደርቅ ድረስ፣ ሲፈስ አየው።