አጉራሿ

«ይቺን ከጨረስን ጃርቷ አበቃች ማለት ነው፣ እትዬ» አለ አዘጋጁ፣ የሻይ ብርጭቆውን ማሽኑ ጫፍ ላይ እያስቀመጠ። «ቀጣዩ ፊልም የዶሮዋ ብቻ ነው። ለእትዬ ጫጩት ከሁለት ሳምንት በፊት ነግሬያቸው ነበር። አልነገሩዎትም?»

ሴትዮዋ የማዳመጫዋን የተቋጠረ ገመድ እየፈታች ነበር። ቋጠሮውን ፈትታ ከጨረሰች በኋላ ነው የመለሰችው።

«ነግራኛለች።»

አልነገረቻትም።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ጸጉሯን አሳጥራ ስለምትቆረጥ ከኋላ ሲያዩዋት ወንድ ትመስላለች። በዚህ ቤት ከበር ጠባቂው እስከ አለቃው ጃርት ነው የሚላት። አዘጋጁ ግን ከመጣ ገና ሦስት ወሩ ስለሆነ «እርስዎ» ይላታል። እርስዎ የሚላት ሰው ወይ የሚሸጥላት ነገር አለው፣ ወይ የሚነጥቃት፤ ይህን ኖራ አይታዋለች።

ሥራቸው የልጆችን የሥዕል ፊልም ማናገር ነው። ሥዕሎቹ በባዕድ ቋንቋ እየተንጫጩ ይመጣሉ፤ እዚህ ያ ድምፅ ይወጣና የእነሱ ድምፅ ይገባል። ታሪኩ ለልጅ የሚከብድ አይደለም። አንዲት ጃርት ዝናብ ሲደበድባት ያደረች ጫጩት ታገኛለች፤ እሾኋን አስተኝታ ከጉያዋ ታስገባታለች፤ አብረው ይኖራሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በስድስት ፊልም፣ ጫጩቷ አላደገችም። በሰባተኛው አደገች።

ጫጩት የምትባለው ሴት አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ማይኩ ስለማይደርስላት የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ትቆምበታለች። ድምፅዋ ግን ሰባት ዓመቱ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ስልክ ስታነሳ «ማሙሽ፣ እስቲ እናትህን አቅርብልኝ» የሚላት አይጠፋም፤ እሷም «እማዬ ሞታለች» ትልና ትዘጋበታለች።

መጀመሪያ ወደዚህ ቤት የመጣችው መጋረጃ ልታጥብ ነበር። ደረጃው ላይ ድመት ስትቆጣ የሰሟት ሰዎች ጎትተው ማይክ ፊት አቆሟትና ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን በትክክል ነው የያዘችው። ዓይኗ ግን አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያን አተካከል ጃርት ታውቀዋለች፤ የገዛ እናቷ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን የምታየው እንደዚያ ነበር። እሷ ራሷ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣችው፤ ማንበብ ግን ታነባለች።

«ዓይኗን ያማታል» አለች የዚያን ቀን፣ ማንም ሳይጠይቃት። «እኔ በጆሮዋ እነግራታለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ጃርት በጎን ካለችው ጠባብ ክፍል ሆና ቃሉን በማዳመጫ ትልክላታለች፤ ጫጩት ከአፏ ተቀብላ፣ ሁለት ቃል ወደኋላ እየቀረች፣ ሥዕሉ አፉን ሲከፍት ትጥለዋለች። ባለማሽኑ ሽማግሌ ስም አወጣለት፦ ማጉረስ። «ዛሬ ስንት ገጽ ታጎርሻለሽ?» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። ከሦስቱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ሌላው ሰው የሚያውቀው የጫጩትን ዓይን ሕመም ብቻ ነው። ለዚያ ሲባል ተራ መስታወት የተገጠመለት መነጽር ታደርጋለች፤ አዲሱ አዘጋጅም አዝኖላት ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል ያሳትምላታል።

ደግ ሥራ ነበር። ደግነት ግን ሲከርም ይሻግታል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጫጩት የልጆች ፊደል መጽሐፍ በነጠላዋ ሸፍና መጣች። በሻይ ሰዓት፣ ከጃርት ጎን ተቀምጣ፣ ጥጉን ብቻ ገለጥ አድርጋ አሳየቻት። «ታስተምሪኛለሽ?» አለች በሹክሹክታ። ጃርት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቤቱ ሙሉ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «አንቺ ዓይንሽን ያምሽ የለም እንዴ?» አለቻት። ሰው ሳቀ፤ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ። ጫጩትም በዚያ በሰባት ዓመት ሳቋ አብራ ሳቀች። መጽሐፉን ከዚያ ወዲያ ማንም አላየውም።

ጃርት ይህን ረስታዋለች። ወይም ረስቼዋለሁ ብላ ነው የምትኖረው። ያቺ ትንሽ ሴት ካነበበች እሷ ምን ልትሆን ነው? ድምፀ ወፍራም አንዲት ባልቴት።

አሁን ገመዱን ፈትታ ስትቆም የምታስበው ግን ሁለቱን ሳምንታት ነበር። ሁለት ሳምንት በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል። ሁለት ሳምንት ጫጩት ስለ ጉልበቷ ስትጠይቃት ሰንብታለች፤ የሚቀባ ቅባት እንኳ አምጥታላታለች። ለካ የምትቀባው የምትሸኘውን እግር ነበር።

«ዛሬ የዶሮዋን ድምፅ ነው የምሰማው» አለ አዘጋጁ ለባለማሽኑ፣ ወደ ማዳመጫው የሚያሰማው ቁልፍ ክፍት መሆኑን ሳያይ። «ሴትዮዋ ካልሆነላት ሌላ አዘጋጅቻለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ቢያንስ ታነባለች፣ ዓይኔን አትልም።»

ጃርት ሰማች። ጫጩት ገና ከውጭ እየገባች ስለነበር አልሰማችም። ሳጥኗን ገልብጣ ወጣችበት፤ መነጽሯን አስተካከለች፤ ሁለቱን ክፍል በሚለየው መስተዋት በኩል ጃርትን አይታ እንደ ሁልጊዜዋ ከንፈሯን አሞጥሙጣ የወፍ አፍ አሳየቻት። አጉርሽኝ ማለቷ ነው።

«እሺ» አለች ጃርት በማዳመጫው። «ክፈቺ።»

ስክሪኑ ላይ ዶሮዋ መጣች። ወፍራለች፣ ቀልታለች፣ ላባዋ ያበራል። ጫካውን አቋርጣ ከጎሬው ደጃፍ ቆመችና አንገቷን አስገባች። ጃርት ቃሉን ላከች፤ ጫጩት ተቀበለች።

«ጎሬው ጠበበ፣ ወይስ እኔ ሰፋሁ?»

የጃርት እጅ ማይኩ ላይ ቀረ። ይህ ድምፅ ከየት መጣ? የሰባት ዓመቷ ልጅ የለችም። ዝግ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ፣ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ድምፅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎኗ ስትቆም ይህን ድምፅ አንድም ቀን አላሰማቻትም። አዘጋጁ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ሽማግሌው ባለማሽን ቀና አለ።

ይሆንላታል። ጃርት ይህ ገባት፤ እንደ ስለት ገባት። ይሆንላታል፤ በሚቀጥለውም በዚያኛውም ፊልም ትናገራለች፤ ሌላ ሰው ያጎርሳታል፤ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ጉልበቷን ትቀባለች።

ቀጣዩ ቃል ከፊቷ ተጽፏል። ዶሮዋ፣ አርጅታ የደከመችውን ጃርት አይታ፣ «ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ እንዴት እረሳሻለሁ?» ትላታለች። አንድ የተሳሳተ ጉርሻ ይበቃል። አዘጋጁ ያስቆማል፣ «እስቲ ከወረቀቱ ያንብቡልኝ» ይላል፣ ከዚያ ያ የተተከለ ዓይን ነው። ከዚያ ሌላዋ ልጅ ናት። ጃርት አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰች። የአዘጋጁ አንቱታ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ቃሉ ሳትፈልገው መጣላት።

«እማማ» ብላ ላከች በጠፍጣፋ ድምፅ። «እርስዎን የት ነበር የማውቅዎት?»

ጫጩት ዘገየች። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የዘገየችው። ፊቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ መስተዋቱ መለሰች፣ ወደ ጃርት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመልሳ ተናገረችው። በጨዋ ሰው ድምፅ፣ በጥሩ ልብ፣ ፈጽሞ በማያውቁት አሮጊት ላይ በሚወጣ ለስላሳ ርኅራኄ፦

«እማማ፣ እርስዎን የት ነበር የማውቅዎት?»

ባለማሽኑ ሥዕሉን አስቆመ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አዘጋጁ ወረቀቱን እያገላበጠ። «እትዬ ጫጩት፣ ይሄ ጽሑፉ ላይ የለም። ምን እንደሚል ያዩልኛል?»

ጃርት በደንብ ለመስማት ማዳመጫዋን ወደ ጆሮዋ ተጫነች። ያፈረም የተደሰተም አይመስልም ፊቷ፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ጫጩት መነጽሯን አወለቀች። አጥፋ ሳጥኑ ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ አስቀመጠችው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች፤ ራሷም ከጣቷ ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ።

«ያ… ሳደ… ግሽኝ» አለች። «ያሳደግሽኝ። አን… ቺ ነሽ። እን… ዴት… እረሳ… ሻለሁ።» ቀና አለች። «የተጻፈውስ እንዲህ ነው የሚለው። ዶሮዋን ብሆን ግን እኔ እንዲህ አልልም።»

«ለምን?»

«አድጋለቻ።»

አዘጋጁ መዳፉን በመዳፉ መታ፤ አንድ ነገር በነጻ ያገኘ ሰው ሳቅ ፊቱ ላይ ፈሰሰ። «አቆየው፣ አባባ» አለ ለባለማሽኑ። «እንዳታጠፋው። ይሄማ እናቶቹንም ያስለቅሳል። እትዬ ጫጩት፣ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ሌላ ሰው አልሰማም። አለቃውን ልጥራ፣ ይስማው» ብሎ በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች በመስተዋቱ ተያዩ። የማዳመጫው መስመር አሁንም በመካከላቸው ክፍት ነው። ባለማሽኑ ማሽኑ ላይ የሌለ አቧራ በእጅጌው ይጠርግ ጀመር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ጃርት።

«ምኑ?»

«ፊደሉ።»

«ከአምና ክረምት። እሑድ እሑድ። ትንሿ ልጄ ናት ያስቆጠረችኝ፤ በማስመሪያ እየመታችኝ።»

«እና አንድ ዓመት ሙሉ ሳጎርስሽ ዝም ብለሽ ትውጫለሽ?»

«ታዲያ ደስ ይልሽ የለም እንዴ» አለች ጫጩት። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ የሰው የምግብ ምርጫ እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ዓይኔን ያመኛላ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል እስከ ጃርት ከንፈር መጥቶ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ።

«እኔ ተናድጄ ነው። አንቺ ግን እያወቅሽ… ያን ቃል ለምን አልሽው? እርስዎ ብለሽ?»

ጫጩት ከሳጥኑ ወረደች። ስትወርድ በመስተዋቱ ታችኛ ጠርዝ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ሆነ፤ ድምፅዋ ግን በማዳመጫው ቅርብ ነው፣ ያ አዲሱ፣ የሻከረው።

«አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ» አለች። «ያልሽኝን ሳልል የቀረሁበት ቀን አለ?»

አዘጋጁ ከአለቃው ጋር ተመለሰ። አለቃው ቆሞ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ የጫጩትን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ጃርትን አላያትም፤ ያላያት ሆን ብሎ አልነበረም።

«አሁን ችግሩ ምንድን ነው» አለ አዘጋጁ ወደ ጃርት ክፍል ዞሮ፣ «ዶሮዋ ካላወቀቻት የጃርቷ መልስም መቀየር አለበት። የተጻፈው አይሄድም። የሚመጣልዎትን ይበሉ፣ እትዬ። አፏ ሦስት ጊዜ ነው የሚከፈተው፤ ረዘም፣ አጠር፣ አጠር። ከዚያ ጎሬዋ ይጨልማል።»

ባለማሽኑ ወደ ኋላ መለሰው። ጥያቄው በጆሮዋ መጣ። «እኔ እኮ ነኝ» አለች ጃርት። አነሰ፤ አፉ ባዶውን ቀረ። ተደገመ። «ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ» አለች። ረዘመ፤ አፉ ተዘግቶ ድምፁ ቀጠለ። አዘጋጁ ሳቀ፣ «ልመና መሰለ፣ እትዬ፤ ጃርት እኮ ናት፣ ትንሽ ኩራት ይስጧት» አለ። ተደገመ። አንዴ ቃል ጠፋባት። አንዴ ድምፅዋ ተሰበረና እሷው ራሷ እጇን አወዛውዛ አስቆመችው።

በዚህ መካከል ጫጩት ነጠላዋን አጣፋች፤ ሳጥኑ ላይ የቀረውን መነጽር አንስታ ለባለማሽኑ ሰጠችው። «ለልጅ ልጅህ መጫወቻ ይሁናት፣ አባባ፤ መስታወቱ ውሸት ነው።» ሽማግሌው ተቀበላት፤ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ኪሱ ከተተው። እሷም ጃርት ወዳለችበት ጠባብ ክፍል በር ድረስ መጣች። በሩን አልከፈተችም። ለአፍታ ቆማ የሆነ ነገር አለች፤ ክፍሉ ድምፅ ስለማያስገባ የከንፈሯ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የታየው። ጃርት ዕድሜዋን ሙሉ አፍ አይታ ቃል ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ግን መለካት አልቻለችም። ደህና ዋይ ሊሆን ይችላል። ደህና ይዋሉም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በከንፈር ላይ ብዙም አይራራቁም።

ከባዱ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«አንዴ ብቻ፣ እትዬ» አለ አዘጋጁ። «አሁን ደርሰናል።»

ባለማሽኑ ሲመልሰው፣ ስክሪኑ ላይ ዶሮዋ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ከጎሬው ወጣች፣ በጫካው መካከል እያነሰች ሄደች፣ ቆመች። ባለማሽኑ ቁልፉን ተጫነ። መምጣት ጀመረች። ጃርት በጉልበቷ ላይ ያረፈውን ክብደት ወደ ሌላው እግሯ አዞረች፤ ጎሬው ውስጥ ያለችውን፣ እሾኋ የረገፈውን አሮጊት አየቻት።

«እማማ» አለቻት ጫጩት በጆሮዋ ውስጥ፣ ለሰባተኛ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ትሕትና፣ «እርስዎን የት ነበር የማውቅዎት?»

ጃርት አየር ሳበች።