እንደ ክር የምትወርድ ውሃ

ዙራካን የኩሽናዋን ቧንቧ ባላት ኃይል ሁሉ አጠበቀችው። በየብርዱ ወራት ሌት ተቀን እንደ ክር ቀጥና ስትወርድ የኖረችው ውሃ ሁለት ጊዜ ጠብ ጠብ አለችና ቆመች።

"በሉ እንግዲህ ጋሽ ኦሮዝባይ፣ ትእዛዝዎን ፈጽሜያለሁ" አለች ለባዶው ቤት።

የዚያን ዕለት ጠዋት የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነው ጎረቤቷ ኦሮዝባይ ሰዉን ሁሉ በሱቁ ደጃፍ ሰብስቦ ነበር። "ውሃ የሚያባክኑ ነዋሪዎች" የሚል ወረቀት አነበበ። ከርዕሱ ሥር የተጻፈው ስም የዙራካን ብቻ ነበር። ቧንቧዋን ዘግታ እንድታድር አስፈረማት። ያም ሳያንሰው እስክሪብቶውን እየተቀበላት፣ "ኢሸንኩል በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያፍርብሽ ነበር" አላት።

ስለ ውሃው የፈለገውን ቢል ትችለው ነበር። የሟች ባሏን ስም ሲያነሳ ግን ደሟ ፈላ። ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።

ኢሸንኩል የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለሁለቱ ቤቶች አንድ መስመር ሲዘረጋ፣ ኦሮዝባይ በራሱ ግቢ የሚያልፈውን ቦይ እኔው እቆፍራለሁ አለ። ጉልበት ድረስ ቆፍሮ ድንጋይ ሲገጥመው ደከመውና ቧንቧውን አስተኝቶ አፈር መለሰበት። በብርዳሙ አገራቸው በናሪን ምድሩ እስከ ሰው ደረት ጥልቀት ድረስ በረዶ እንደሚሆን ኢሸንኩል ቢነግረው፣ "ልታስተምረኝ ነው?" ብሎ ጮኸበት። ኢሸንኩልም ቤቱ ገብቶ የራሱን ቧንቧ በትንሹ ከፈተው። "እኛ የመስመሩ መጨረሻ ነን" አላት ለሚስቱ። "የኛ ውሃ ከተንቀሳቀሰ የሱ አይረጋም። አትንገሪው፣ ያፍራል።" ባሏ ከሞተ በኋላም ዙራካን ለአራት ዓመት በየብርዱ ወራት ያቺን ክር ስትጠብቅ ኖረች።

አሁን በቃ። ሁለት በርሜል ውሃ ሞልታ ነበር። በግቢዋ ያለውን መዝጊያ ዘጋች፤ በቤቷ ቧንቧ ውስጥ የቀረውን ውሃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሰሰች። ከግድግዳው የወጣውን ቧንቧም በአሮጌ የሱፍ ምንጣፍ ጠቀለለችው። የሷ ቤት ምንም አይሆንም። ስለ ኦሮዝባይ ስታስብ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ደረሰ። ቁርስ ላይ ሳለች ከአጥሩ ማዶ ኦሮዝባይ ቧንቧውን ሲሰድብ ሰማች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ትዕይንቱ እንዳያመልጣት ወደ መስኮቱ ሄደች።

ከግቢው የወጣችው ግን ምራቱ ሜሪም ነበረች። ባሏ ሩሲያ ለሥራ ከሄደ ስምንት ወሩ ነው፤ እሷ ደግሞ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ሁለት ባልዲ ያንጠለጠለ የመሸከሚያ እንጨት በትከሻዋ አድርጋ፣ በረዶ በለበሰው ቁልቁለት ወደ ወንዙ ልትወርድ ነው። ኦሮዝባይ እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ቶሎ በይ እንጂ! ሻይ ሳልጠጣ ላረፍድ ነው?"

ሜሪም ሦስት እርምጃ ሳትሄድ አዳለጣትና አጥሩን ይዛ ተረፈች። ዙራካን ክው አለች። ለእሱ የደገሰችው በዚች ልጅ ላይ ሊወድቅ ነው። በራሷ ተናደደች፤ በእሱ ደግሞ ከትናንቱ የባሰ ተናደደች። ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

"አንቺ ሴትዮ! ቧንቧሽን ዘግተሻል እንዴ?" አለ ኦሮዝባይ ገና ሲያያት።

"ፈርሜ የለ እንዴ!"

"የኔ ውሃ እኮ ቆመ!"

"የኔም ቆሟል። አንዲት ጠብታ አልባከነችም፣ ደስ ይበልዎት።"

"ያንቺ ቧንቧና የኔ ምን አገናኘው?"

"ጉልበት ድረስ ቆፍሮ ደከመኝ ያለው ማን ነበር? ያቺ ባከነች ያሏት ውሃ ናት ይሄን ሁሉ ዓመት ቧንቧዎን ከበረዶ ያዳነችው። የከፈታት ደግሞ ኢሸንኩል ነው። ያፍርብሽ ነበር ያሉኝ ኢሸንኩል!"

ሱቁ ደጃፍ ዳቦ ሊገዙ የቆሙት ሰዎች ዞረው ያዩ ጀመር። ኦሮዝባይ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ያ የሟቹ ብየዳ ማሽን... ቧንቧ የሚያሞቅበት... አለ አይደል?"

"አለ።"

"እንግዲያው አውጪልኛ።"

ዙራካን የመሸከሚያውን እንጨት ከሜሪም ትከሻ ላይ አንስታ በኦሮዝባይ ትከሻ ላይ አጋደመችው።

"መጀመሪያ ሦስቴ ይመላለሱ።"

"እኔ? ምራቴ እያለች?"

"ምራትዎ ሻይ ልትጠጣ ነው።"

"ቀስ እያሉ ጋሼ፣ መንገዱ ያዳልጣል!" አለ አንዱ ከሱቁ በኩል፣ ሌሎቹም ሳቁ። በሰፈሩ ሌላ የብየዳ ማሽን የለም። ኦሮዝባይ እያጉረመረመ ቁልቁል ወረደ።

ሜሪም ዙራካን ቤት ገብታ ከምድጃው አጠገብ ብትቀመጥም ዓይኗ ከመስኮቱ አልነቀል አለ።

"ይቆጡኛል፣ እትዬ።"

"ይቆጣ። እጅሽን አሙቂ።"

ዙራካን ሻይ ቀድታ ዳቦና የወተት ቅባት አቀረበችላት። ልጅቷ መጀመሪያ ቆረስ አደረገች፣ ከዚያ ግን እንደ ተራበ ሰው በላች። ኦሮዝባይ አንዴ ተመለሰ፤ ሁለቴ ተመለሰ። በሦስተኛው ሲመጣ ጢሙ በረዶ ይዞ፣ ባልዲዎቹ ግማሽ ድረስ ፈስሰው ነበር።

"ሦስት ሞላ!" ብሎ ጮኸ ከበሩ።

ዙራካን የማሽኑን ገመድ አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ አንድ ነገር ትዝ አላትና ቆመች። ትናንትም ዛሬም ይቺን ልጅ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እሷም ራሷ አልጠየቀቻትም።

"ሜሪም፣ በቃው ወይስ ይጨምር? አንቺ በይ።"

ሜሪም በዚያ ቤት ሁለት ዓመት ስትኖር ወጡ ጨው በቅቶት እንደሆን እንኳ ተጠይቃ አታውቅም። በመስኮቱ አየችው፤ በረዶው ላይ ቆሞ በብርዱ መሬቱን በእግሩ ይደበድባል። ቀስ ብላ ፊቷን መለሰችና ስኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሻዬን ልጨርስ" አለች።

ዙራካን ገመዱን አስቀምጣ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ጨመረችላት።