ከአባት ራስ በላይ

ቴሌሲያ ልጇ መንበርከኩን ያስተዋለችው ብረቱ ከመስቀያው ከተነሳ በኋላ ነበር። ባሏ ቱአላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው የክብደት ማንሻ የቆርቆሮ ክፍል አግዳሚው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ላፋኤሌ ራስጌው ቆሞ ብረቱን መጠበቅ ሲገባው፣ ከጎኑ ተንበርክኮ አንገቱን ደፍቷል። ጎረምሳ ነው፤ ጉልበት አላነሰውም። ግን ቱአላ የቤተሰቡ ሹም ነው፤ በሳሞአ ደግሞ ከሹም ራስ በላይ የሚቆም ልጅ አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ተነስ ልትለው አፏን ከፈተች። ባሏ ግን ትንፋሹን ይዞ ብረቱን ወደ ደረቱ እያወረደ ነበር፤ ደንግጦ ይለቀዋል ብላ ፈራች። ቴሌሲያ ክፉውን ነገር ቀድማ የምታይ ሴት ናት። በዚያች ቅጽበት የሬሳ ሳጥኑን፣ የሚጠቀለልበትን ምንጣፍ፣ ለለቀስተኛው የሚታረዱትን አሳማዎች ሳይቀር አየች።

ብረቱ እስከ ግማሽ ወጥቶ ቆመ። የቱአላ ክንዶች ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ተመልሶ ደረቱ ላይ ወደቀና ወደ አንገቱ ይንከባለል ጀመር።

ላፋኤሌ እንደተንበረከከ አንዱን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ገፋ። ይሄኔ ባሰ፤ ሌላው ጫፍ ዘመመና ብረቱ የአባቱን ጉሮሮ ተጫነው።

ቴሌሲያ ሮጣ ባሏ ራስጌ ቆመች፤ መሃሉን በሁለት እጇ ያዘች። "ና እዚህ፣ ከጎኔ። መሃሉን ያዝ" አለችው። ልጁ ያኔ ተነሳ። አብረው ጎትተው መስቀያው ላይ አኖሩት።

ቱአላ ለረጅም ጊዜ ሳለ። "ቀሚስሽ አፌ ውስጥ ገብቶ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ጉሮሮህ ቢሰበር ኖሮ ቀሚሴም አይታወቅህም ነበር።"

"አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ ላፋኤሌ መሬት መሬት እያየ። "ከራስዎ በላይ መቆም አልሆንልህ አለኝ።"

"መላጣዬን እንዳታይብኝ ብለህ ነው?"

ልጁ አልሳቀም። ቴሌሲያም አልሳቀችም። "ልጅህ እዚህ ካልቆመልህ ከዚህ ብረት ስር ሁለተኛ አትተኛም" አለች። "ባሌን የቀበርኩት ልጄ ጨዋ ስለሆነ ነው ልበል?"

ቱአላ ቀይ ሰንበር የወጣበትን አንገቱን አሻሸ። ከዚያ ክብ ብረቶቹን ከዘንጉ አስወልቆ ተመልሶ ተንጋለለ።

"እዚህ ላይ የተኛ ሹም አይደለም፤ ብረት የተጫነው ሰው ነው። ቁም።"

ላፋኤሌ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠይቆ ቆመ።

"'ያዝ' ስልህ መሃሉን በሁለት እጅ። መስቀያው ላይ እስኪያርፍ እንዳትለቅ።"

"ድምፅ ባይወጣለትስ?" አለች ቴሌሲያ።

"ብረቱ ከቆመ ሳልልህም ያዝ" አለ ቱአላ።

ባዶውን ዘንግ ደጋግሞ አወረደው፣ አነሳው። የልጁ እጆች ሳይነኩት አብረውት ወረዱ፣ አብረውት ወጡ። "ያዝ" ሲለው ያዘ። ቴሌሲያ ግን እኔ የማልኖር ቀንስ ብላ እንደገና አሠራቻቸው፤ ከዚያም እንደገና፣ ልጁ ይቅርታ መጠየቁን እስኪረሳ ድረስ።

የማታው ጸሎት ጥሪ ሲሰማ አባትና ልጅ ተከታትለው ወጡ። እሷ ወደ ኋላ ቀርታ መብራቱን አጠፋች፤ በሩን ስባ ቆለፈችው፤ መቆለፉንም ገፋ አድርጋ አረጋገጠች።